ስድስቱ ባትሪዎችና የመርካቶው ሪፒተር

ሱቄን የዘጋሁት ሙያው ስለተለወጠ ነው እንጂ ጉልበቴ ስላለቀ አይደለም። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። ዛሬ የሚመጣው ባትሪ ሁሉ ድፍን ነው፤ ክዳን የለው፣ ውሃ አይጨመርበት፣ ሲሞት ተጥሎ ሌላ ይገዛል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን የጨረስኩት ባትሪ ከፍቼ ሆዱን በማየት ነው። ልጆቼ "እማዬ፣ አሁንስ እረፊ" ሲሉኝ እሺ አልኩ።

ግን አፌ አላረፈም። ሻይ ሊጠጣ የመጣ ሰው ሁሉ ስለ ባትሪ ሰምቶ ነው የሚሄደው። በተለይ አንድ ነገር ሳወራ እስከ ዛሬ ከወንበሬ እነሳለሁ፤ መርካቶ መሃል፣ ስድስተኛ ፎቅ ጣሪያ ላይ ለቆመው የአማተር ሬዲዮ ሪፒተር ባትሪ ያዘጋጀንበትን ጊዜ። ትልቋ ልጄ "እኛስ በቃን፣ ለሌላ ሰው ጻፊው" ብላ ደብተር ገዛችልኝ። ይኸው።

ስሜ የሺመቤት ነው። ሰፈሩ የሚያውቀኝ ግን "የሺ ባትሪ" በሚለው ነው። ሥራ የጀመርኩት በአንድ የመንግሥት የጭነት መኪናዎች ጋራዥ፣ መዝገብ ያዥ ሆኜ ነው። ለጥገና የገባውንና የወጣውን ባትሪ እመዘግባለሁ። አንድ ቀን መዝገቡን ሳገላብጥ አንዱ ባትሪ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ "ተጠግኖ ወጣ" ተብሎ ተጽፏል። ወስጄ ለአለቃዬ አሳየኋቸው። አለቃዬ ቁጡ ሰው ነበሩ፤ ባትሪ ቤቱ የሚተች አይመስላቸውም።

"አንቺ የተሻለ የምትሠሪ ከሆነ ግቢና ሥሪዋ!" አሉኝ፣ ሊያሳፍሩኝ ብለው።

ገባሁ። በማግስቱ ቱታ ለብሼ ስመጣ መመለሻ አጡ። ስድስት ዓመት እዚያው ቆየሁ። አሲድ ሦስት ቀሚስና አንድ ጫማ በላብኝ፤ እኔ ግን እንደዚያ ደስ ብሎኝ አላውቅም። የሞተ ባትሪ ከፍቼ፣ የነጣውን የእርሳስ ሳህን አውጥቼ፣ ጥሩውን አጥቤ መልሼ፣ ሞተሩ "ድር...ር" ብሎ ሲነሳ ልቤ አብሮ ይነሳል።

መንግሥት ሲለወጥ ጋራዡ ተዘጋ። የስንብት ደብዳቤ ሰጡን፣ ከደብዳቤው ጋር ትንሽ ገንዘብ፤ እሱን እንለፈው። ሁለት ልጆች ይዤ ሥራ ፍለጋ መርካቶ ወጣሁ። ከጭድ ተራ ጀርባ አንድ ባትሪ ቤት አለ ብለውኝ ሄድኩ። ባለቤቱ ጋሽ ሱሩር ናቸው፤ ከስልጤ በልጅነታቸው የመጡ፣ ቀጭን፣ ነጭ ቆብ የማይለያቸው ሰው። ሲያዩኝ ባትሪ ላሠራ የመጣሁ መስሏቸው ነበር።

"ሥራ ፈልጌ ነው፣ ጋሼ" አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝና "አሲድና ውሃ ስትቀላቅዪ የትኛውን በየትኛው ላይ ትጨምሪያለሽ?" አሉኝ።

"አሲዱን በውሃው ላይ፣ ቀስ አድርጌ።"

"ገልብጠሽ ብታደርጊውስ?"

"ፊቴ ላይ ይፈነዳ ነበር። ይህን ፊት ይዤ አልመጣም ነበር።"

ሳቁ። "ነገ ነይ" አሉኝ። ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ።

ጋሽ ሱሩር ብዙ አያወሩም። እኔ የተማርኩት እጃቸውን በማየት ነው። ባትሪ ሲመጣላቸው መጀመሪያ አይከፍቱትም፤ ጎንበስ ብለው ያሸቱታል። ቀጥሎ እያንዳንዱን ክዳን ከፍተው በመስታወቱ የአሲድ መለኪያ ስድስቱንም ጉድጓድ ይለካሉ፤ ቁጥሩን በጠመኔ ባትሪው ላይ ይጽፋሉ። ከሰዓት በኋላ እንደገና ይለካሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ። ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጡታል፤ ውስጡ እንደሚፈላ ሽሮ ቡፍ ቡፍ ካለ ሞልቷል ማለት ነው። የቻርጀሩን መብራት ግን ዞር ብለው አያዩትም።

"መብራቱ ስለ ቻርጀሩ ነው የሚነግርሽ" ይሉኝ ነበር። "ስለ ባትሪው የሚነግርሽ አሲዱ ነው።"

ደግሞ የትኛውንም ባትሪ ሳይፈትኑ ለባለቤቱ አይሰጡም። ሁለት የመኪና የፊት መብራት ያያይዙበትና በርጩማ ስበው ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ። ደንበኛው "ጋሼ፣ እቸኩላለሁ" ቢል "ሂድና ነገ ና" ነው መልሱ። መብራቱ ሳይደበዝዝ የሚፈልጉት ሰዓት ካልሞላ ባትሪው አይወጣም። ወላሂ፣ አንድ ቀን ለአንድ የታወቀ አስመጪ ባትሪ ከልክለው ሰውዬው በታክሲ ሄዷል።

ጉልበታቸውን ሲያማቸው ሱቁን ለእኔ ለቀውልኝ ቤት ዋሉ። እኔም በራሴ ቆምኩ። ሰው ከአውቶቡስ ተራም ከኮልፌም ይመጣልኝ ጀመር።

የመብራት ፈረቃ በበረታበት ዘመን ነው እንግዲህ አስቻለው ወደ ሱቄ የመጣው። የኤሌክትሮኒክስ መምህር ነው፣ መነጽራም፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ሰው። ከጓደኞቹ ጋር የአማተር ሬዲዮ ክበብ አቋቁመዋል። ለንግድ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው፣ ፈቃድ አውጥተው በሬዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች ናቸው። ፈቃዱን ለማግኘት የዞሩትን ቢሮ ሲቆጥርልኝ እኔ ደከመኝ።

"የእጅ ሬዲዮ መርካቶ ውስጥ አይሠራም፣ እትዬ የሺ" አለኝ። "ሁለት ሕንፃ መሃል ከገቡ ድምፅ የለም። ስለዚህ ከፍ ያለ ጣሪያ ላይ ሪፒተር አቆምን። ደካማውን ድምፅ ከታች ይቀበልና አጉልቶ መልሶ ይረጨዋል። በሸማ ተራ የተናገርኩት ኮልፌ ይሰማል!"

"ታዲያ ከእኔ ምን ፈለግህ?"

"መብራት ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። ሰው የሚፈልገን ደግሞ መብራት ሲጠፋ ነው።"

ወሰደኝ። ሕንፃው ስድስት ፎቅ ነው፤ ባለቤቱ ጣሪያው ላይ ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል በነፃ ሰጥተዋቸዋል። ከላይ ሆኜ መርካቶን ሳየው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ያ ሁሉ ስሮጥበት የኖርኩት ጠባብ መንገድ፣ ቆርቆሮው ሁሉ፣ ሸራው ሁሉ ከእግሬ ሥር ነው። አስቻለው ሬዲዮውን እጄ ላይ አድርጎ "ይናገሩ" አለኝ። "ሃሎ፣ የሺ ነኝ" አልኩ። አንድ ሰው ከሩቅ፣ ከከተማው ዳር፣ "እንኳን ደህና መጡ እትዬ የሺ!" ሲለኝ ጮህኩ። እውነቴን ነው፣ እንደ ሕፃን ጮህኩ። ከዚያ በኋላ ሥራው የእነሱ ሳይሆን የእኔ ሆነ።

ሁለት የከባድ መኪና ባትሪ አደስኩላቸው፤ ትንሽ ቻርጀር አያያዝኩ፤ መብራት ሲጠፋ ሪፒተሩ ሳይቋረጥ ወደ ባትሪው የሚዞርበትን ማዞሪያ አስቻለው ሠራ። ለሙከራ መብራቱን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አጠፋን። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሠራ። አጨበጨብን፣ ለስላሳ ከፈትን። በዚያ ቀን ግን በሬዲዮው የተናገረ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ነው። ሪፒተሩ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ የሚበላው ጥቂት ነው፤ ሲናገር ነው የሚበላው። ይህን ጋሽ ሱሩር ቢያዩ በርጩማ ስበው ይቀመጡና "አሁን አናግሩት" ይሉ ነበር። እኔ ግን የሪፒተሩ ምረቃ ቀን ደርሶ ቸኮልኩ።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። ፈረቃው ሲብስ ባትሪው በየሁለት ቀኑ ይራገፋል፤ ያ ትንሽ ቻርጀር ደግሞ መብራት በሚመጣበት ሰዓት ሊሞላው አይችልም። ወጥቼ አሲዱን መለካት ነበረብኝ። ሱቄ ሥራ በዛ፤ ሊፍቱ አይሠራም፤ ስድስት ፎቅ ነው። አስቻለውን በስልክ "የቻርጀሩ መብራት ምን ይላል?" እለዋለሁ። "አረንጓዴ ነው" ይለኛል። "ጥሩ" እለዋለሁ። ሰባት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

ረቡዕ ቀን ነበር፤ አምስት ሰዓት ገደማ። በሸማ ተራ በኩል ጭስ ሲነሳ ከሱቄ በር ሆኜ አየሁት። ለጥንቃቄ ብለው የአካባቢውን መብራት ቆረጡት። ስልኩን ሁሉም ሰው በአንዴ ስለደወለበት ተጨናንቆ አልሠራ አለ። የእኛ ሬዲዮ ብቻ ቀረ! የክበቡ ሰዎች በየመንገዱ አፍ ቆመው የትኛው መንገድ ለእሳት አደጋ መኪና ክፍት እንደሆነ ይነግራሉ፤ አስቻለው ደግሞ ከመኪናዎቹ ጋር ሆኖ ይመራል። እኔ ሱቄ ውስጥ ክበቡ የሰጠኝን የእጅ ሬዲዮ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ እሰማለሁ።

"በላይኛው መንገድ አትግቡ፣ ጭነት እያራገፉ ነው!"

"በታችኛው ክፍት ነው፣ በታችኛው!"

ፍርሃትም ኩራትም ያዘኝ። የእኔ ባትሪ ነው ይህን ሁሉ ሰው የሚያናግረው እያልኩ ለጎረቤቶቼ አሰማ ነበር። ሰው ተናግሮ ሲጨርስ ሪፒተሩ "ቲት" ይላል። እንግዲህ ሰው ሁሉ በላይ በላዩ ያወራል፤ ሪፒተሩ አንድ ደቂቃ አያርፍም። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲሄድ "ቲት"ዋ ቀጠነች። ቀጥሎ ድምፁ ተሰባበረ። ከዚያ ምንም የለም። የመናገሪያ ቁልፉን ተጫንኩ፣ ለቀቅኩ፤ ምንም። የሪፒተሩን ሕንፃ ደረጃ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ስደርስ ክዳኑን ከፍቼ መለኪያውን ነከርኩ፤ የመለኪያው ተንሳፋፊ ወርዶ ታች ቁጭ አለ። ባዶ።

ታች፣ አንዱ መኪና በላይኛው መንገድ ገብቶ ከሚያራግፈው የጭነት መኪና ጋር ተፋጠጠ። ወደ ኋላ እስኪወጣ ድረስ አስቻለው በእግሩ እየሮጠ ይጮሃል። ሰው አልሞተም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን በዚያ መስመር ያሉ አምስት ሱቆች ነደዱ።

አንዱ የእትዬ ዘነበች ነው። እትዬ ዘነበች ነጠላና ጋቢ የሚሸጡ፣ ሸማ ተራ ሙሉ የሚያውቃቸው ኃይለኛ ሴት ናቸው። የልጆቼን የጥምቀት ልብስ የገዛሁት ከእሳቸው ነው። ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩና ጠዋት ሄድኩ። ከተቃጠለው ቆርቆሮ አጠገብ ቁጭ ብለው ጠርዙ የጠቆረ ጋቢ ያጥፋሉ።

"እትዬ ዘነቡ" አልኳቸው፣ "ሬዲዮው ዝም ያለው በእኔ ነው። ባትሪውን የሠራሁት እኔ ነኝ። መለካት ነበረብኝ፣ አልለካሁም።"

ቀና ብለው አዩኝ።

"እሳቱን አንቺ ለኮስሽው?"

"አይ።"

"ታዲያ ምን ፈልገሽ መጣሽ? ይቅር ልበልሽ? ዛሬ አልችልም። ሂጂ።"

ሄድኩ።

በዚያው ጋሽ ሱሩር ቤት ገባሁ። የሆነውን ስነግራቸው አላቋረጡኝም። ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

"ለመጨረሻ ጊዜ አሲዱን የለካሽው መቼ ነው?"

ሰባት ሳምንት እንዳለፈው ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዘራቸውን ፈልገው ተነሱ።

"የት ሊሄዱ ነው፣ ጋሼ?"

"ልየው እንጂ።"

"ስድስት ፎቅ ነው! ጉልበትዎስ?"

"እያረፍኩ እወጣለሁ።"

በየፎቁ ሁለት ጊዜ ደረጃው ላይ ቁጭ እያሉ፣ በየፎቁ ከሚያውቋቸው ነጋዴዎች ጋር ሰላምታ እየተለዋወጡ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጅቶብን ወጣን። ባትሪዎቹን አሸተቱ። ቻርጀሩን አነሱና በመዳፋቸው መዘኑት፤ ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"ይህ እኮ የሞተር ሳይክል ባትሪ አይሞላም" አሉ። "ባትሪውም ሞተር የሚያስነሳ ነው፤ አንዴ ጉልበቱን ሰጥቶ ያርፋል። አንቺ የምትፈልጊው ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ የሚሰጥ ነው። የስልክ ጣቢያ ባትሪ። ወፍራም ሳህን ያለው።"

"ከየት አመጣለሁ?"

"መርካቶ ቆመሽ ከየት ትይኛለሽ?" አሉና የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

እኔም ሳቅኩ። ያን ቀን መሳቅ የምችል አልመሰለኝም ነበር።

ፍለጋው ሦስት ሳምንት ወሰደ። ምናለሽ ተራን ከዳር እስከ ዳር አሰስኩት፤ አሮጌ ብረት ያለበት ግቢ አልቀረኝም። በመጨረሻ አንድ ነጋዴ ጓሮ፣ ከተነቀለ ማሽን ሥር፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርሱ አሥራ አንድ ባትሪዎች ተደርድረው አገኘሁ። እያንዳንዳቸው ሁለት ቮልት፣ ጎናቸው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሳህናቸው እንደ ጣቴ የወፈረ! ሰውዬው ለእርሳሱ ሊያቀልጣቸው ነው። ፊቴን ኮስተር አደረግኩ፣ ደስታዬን ካየ ዋጋ ይሰቅላል። ክበቡ አዋጥቶ ገዛን።

አሥራ አንዱንም ሱቄ በር ላይ ደርድሬ እየሞላሁ፣ እያራገፍኩ፣ እያጠብኩ ፈተንኳቸው። ጋሽ ሱሩር በየጠዋቱ በታክሲ እየመጡ በጠመኔ ይጽፋሉ። አምስቱ ወደቁ። ስድስቱ ቆሙ። የሚያስፈልገንም ስድስት ነበር፤ ስድስት ጊዜ ሁለት አሥራ ሁለት! አንዱን አንስቼ ልስመው ነበር፣ አሲድ ባይሆን።

ወደ ጣሪያው ያወጣንበትን ቀን መርካቶ አይረሳውም። አንዱ ባትሪ ለሁለት ሰው ሸክም ነው። ተሸካሚዎቹ በገመድና በወፍራም ጣውላ አስረው "ሆ! በል! ሆ! በል!" እያሉ ደረጃውን ሲወጡ ሱቅ ያለው ሁሉ ሱቁን ትቶ ያያል። "ምንድን ነው? የሞተ ሰው ነው?" የሚል አለ። "ዘንበል አታድርጉት!" እያልኩ ከፊት ከኋላ እሮጣለሁ። በጣውላ መደርደሪያ ላይ አቆምናቸው፤ ጋዙ የሚወጣበት መስኮት ቆርቆሮው ላይ ከላይም ከታችም አስቀደድኩ፤ ሽቦ የሚታሰርባቸውን የባትሪዎቹን ራሶች በግራሶ ቀባሁ፤ ከባትሪው ቀጥሎ ወፍራም ፊውዝ አደረግኩ። ትልቅ ቻርጀር ተገዛ፤ ፈረቃውን እንዳንለምን ደግሞ በፀሐይ የሚሞላ ሰሌዳ ጣሪያው ላይ ተሰቀለ።

የፈተናው ቀን ቅዳሜ ነው። ይህን ጊዜ እንደ ጋሽ ሱሩር ነው የምፈትነው። የፀሐዩን ሰሌዳ ነቀልኩ፤ ከሪፒተሩ ሌላ አራት የጭነት መኪና የፊት መብራት በጠራራ ፀሐይ አበራሁበት፤ የክበቡ ሰዎች ደግሞ ተራ ገብተው ቀኑን ሙሉ ያለማቋረጥ እንዲያወሩ አዘዝኩ። በርጩማዬን ስቤ ልቀመጥ ስል በደረጃው በኩል ከባድ እስትንፋስ ሰማሁ። እትዬ ዘነበች ናቸው! ጃንጥላና የምሳ ዕቃ ይዘው።

ዘልዬ ተነሳሁ። አላዩኝም፤ ያዩት ባትሪዎቹን ነው።

"ዛሬ ልትፈትኚ ነው አሉኝ፤ ይህ ነው?" አሉ። "መብራቱ ተቆርጧል?"

"ተቆርጧል፣ እትዬ።"

"እኔ ፊት ቁረጪው።"

አጥፍቼው የነበረውን ማብሪያ መልሼ አበራሁና እሳቸው እያዩ ቆረጥኩት። ሪፒተሩ ቀጠለ። ጃንጥላቸውን ዘረጉና በቆርቆሮ በርሜል ላይ ተቀመጡ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። እኔ በየሰዓቱ ስድስቱንም እለካለሁ፤ እሳቸው ቁጥሩን ጠይቀው ከአፌ ይቀበላሉ። በሬዲዮ ወሬ ያለቀባቸው ሰዎች የማባዛት ሰንጠረዥ ጀመሩ፤ አንዱ የዘመዶቹን ስም ዘረዘረ፤ አንዱ ቅኝቱን የሳተ ዘፈን ዘፈነ። እትዬ ዘነበች መጀመሪያ ከንፈራቸውን ነከሱ፣ ከዚያ አልቻሉም፣ ሳቁ ፈነዳ። ሰባት ሰዓት ላይ የምሳ ዕቃቸውን ከፍተው አንዱን ቁራሽ ወደ እኔ ዘረጉ።

"ብዪ" አሉኝ። "በባዶ ሆድ አትለኪ።"

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መለኪያው ገና ከግማሽ በላይ ነው። የጭነት መኪናዎቹ መብራት እንደ ጠዋቱ ያንጸባርቃል። አስቻለው እየጨፈረ ነው። ከሰዓት በኋላ እያረፉ የወጡት ጋሽ ሱሩር ጆሯቸውን አንዱ ባትሪ ላይ ለጥፈው "ማሻ አላህ" አሉ፤ ይህችን ቃል በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከእሳቸው አፍ ለሥራዬ ሰምቻት አላውቅም። እትዬ ዘነበች ጃንጥላቸውን አጥፈው ተነሱና አስቻለውን "አንተ ልጅ፣ ይህን ሬዲዮ እኔ ብይዘው ይከለክሉኛል?" አሉት።

"ፈተና አለው፣ እትዬ።"

"ልፈተና! ሠላሳ ዓመት መርካቶ ተፈትኜ የለ?"

ተፈተኑ። በሁለተኛው ሙከራ አለፉ። በአዲሱ ሱቃቸው ጋቢ ሲሸጡ ሬዲዮው ከመቀነታቸው አይለይም ነበር። ከገበያተኛ ጋር ሲከራከሩ ሳያውቁት ቁልፉን ተጭነው መላው ክበብ ዋጋ ሲያወርዱ ሰምቷል።

በሚቀጥለው ክረምት አንድ ማክሰኞ ዕለት የአካባቢው ትራንስፎርመር ተቃጠለ። መብራት ረቡዕ አልመጣም። ሐሙስም አልመጣም። የሰዎች የስልክ ባትሪ አለቀ። ሪፒተሩ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል፤ ደመና ስለሆነ ፀሐዩ ብዙ አይረዳም። እኔ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ስድስት ፎቅ እወጣለሁ፤ ሊፍት የሚባል ነገር መኖሩን ረስቼዋለሁ። ሐሙስ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ጣሪያው ላይ እያለሁ፣ ዝናቡ ጣለ። እንዲያ ያለ ዝናብ! ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚያፈሱ ነው የሚመስለው።

"የሚሰማኝ አለ?" አለ ሬዲዮው። እትዬ ዘነበች ናቸው፤ ድምፃቸው ሌላ ሆኗል። "ከሱቄ ጀርባ ያለው ምድር ቤት መጋዘን ውሃ ገብቶበታል። አራት ተሸካሚዎች ውስጥ ናቸው። በሩን ውሃው ገፍቶ ዘግቶታል፤ በመስኮቱ ብረት በኩል እጃቸው ይታየኛል። ውሃው ደረታቸው ደርሷል!"

የአስቻለው ድምፅ መጣ፤ "ሰምቻለሁ። ፓምፕ ያለበትን የሚያውቅ ይናገር።" አንዱ ከላይ ሰፈር "የምንሠራበት ሕንፃ ላይ አለ፣ በፒክአፕ እንጭነዋለን" አለ። ሌላው የብረት መቁረጫ አለኝ አለ። በየትኛው መንገድ ይግቡ? እያንዳንዱ መንገድ ወንዝ ሆኗል። ሰዎቹ በየማዕዘኑ እየቆሙ መናገር ጀመሩ።

"በላይኛው ውሃው ጎማ ይውጣል፣ አትምጡ!"

"በጭድ ተራ በኩል መንገድ አለ፣ ቀስ ብላችሁ ንዱ!"

"ሸራ የወጠራችሁ አንሱ፣ መኪና ሊያልፍ ነው!"

ሪፒተሩ አንድ ደቂቃ አላረፈም። ልክ እንደዚያ የእሳቱ ረቡዕ ማለት ነው። እኔ ሸራ ደርቤ፣ መለኪያውን ከባትሪ ወደ ባትሪ እያዞርኩ እነክራለሁ። አስቻለው ጠራኝ።

"እትዬ የሺ፣ ምን ያህል አለን? ሰዎቹን ዝም ላሰኝ?"

ለካሁ። ስድስቱንም። ላለመሳሳት ደግሜ ለካሁ።

"አለን!" አልኩት። "ማንንም ዝም አታሰኝ!"

ፒክአፑ ደረሰ። ፓምፑ ሲነሳ በእትዬ ዘነበች ሬዲዮ በኩል ሰማሁት፤ "ድግ... ድግ... ድግ" ይላል። ብረት ቆራጩ መስኮቱ ላይ ወጣ። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም፤ የሚሰማው የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነው። ሪፒተሩ ላይ፣ ሰው ሲናገር የምትበራው ቀይ መብራት እንደገና በራች።

"አንዱ ወጣ" አሉ እትዬ ዘነበች። ቆይተው፣ "ሁለት።" ከዚያ የሰው ጩኸት፣ እልልታ፣ ከኋላ "ያዘው! ያዘው!" የሚል። "ሦስት። አራት! አራቱም ወጡ! አራቱም ቆመዋል፣ በእግራቸው ቆመዋል!"

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ ይከብዳል፤ መስማት ነበር። ሁሉም በአንዴ ቁልፋቸውን ተጫኑ። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ያመሰግናል፤ የማን ድምፅ የማን እንደሆነ አይለይም። በክበቡ ሕግ አንድ ሰው ሳይጨርስ ሌላው አይገባም። አስቻለው "ሥርዓት! እባካችሁ ሥርዓት! ባትሪ ቆጥቡልን!" እያለ ይጮሃል፤ የሚሰማው የለም። እኔ በዝናብ ተበስብሼ፣ መለኪያውን በአንድ እጅ፣ ሬዲዮውን በሌላው ይዤ፣ ብቻዬን ጣሪያው ላይ እየዘለልኩ ነበር። ትንሽ ፋታ ሲገኝ ቁልፉን ተጫንኩ።

"አስቻለው" አልኩት፣ "ተዋቸው። እስከ ነገ ቢያወሩም ይበቃል።"